በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ ሐሳብ

ሰው ከሚሳሳታቸው ስህተቶች ሁሉ ለመታረም የሚያስቸግረው አክብሮ ያስቀመጠው ነው። መንገድ ላይ የወደቀውን ስህተት አላፊ አግዳሚው ይረግጠዋል፣ ይስቅበታል፣ ሲሻውም ያነሣዋል። ክፈፍ ተበጅቶለት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ግን ማን ይነካዋል? መምህር ፋን ቲየንማው ስልሳ አራት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ይህን አላወቁም ነበር። ያወቁበትም ቀን በዝናብ የጀመረ ተራ ሐሙስ ነበር።

የግንቦት ዝናብ በደቡብ ታይዋን ባለችው ፒንግቱንግ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወርደው። መምህር ፋን ብስክሌታቸውን እየገፉ ወደ ኮሌጁ ሲሄዱ ያዛቸውና፣ እየታኘከ አፍ የሚያቀላውን የቢንላንግ ፍሬ ዘወትር ጠዋት ከሚገዙበት ኪዮስክ ጣሪያ ሥር ተጠለሉ። አንዷን ፍሬ ጉንጫቸው ውስጥ ሸጎጥ እንዳደረጉ አንዲት ሞተር ብስክሌት ውሃ እየረጨች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ነጂዋ የዝናብ ልብሷን ቆብ ስትገልጥ ዶክተር ጉ ፔይሊን ሆና ተገኘች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚሁ ኮሌጅ ተማሪያቸው ነበረች፤ ታይፔ ሄዳ የአንጎልን ነገር አጥንታ ዘንድሮ አስተማሪ ሆና ተመልሳለች።

«መምህር ፋን፣ ቁርስ በልተዋል?»

«በልቻለሁ፤ አንቺስ? ደብዳቤሽን ይዘሽ እዚህም ድረስ ታሳድጂኛለሽ ማለት ነው።»

«ዛሬስ ዝናቡ ነው ያሳደደኝ» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ደብዳቤው ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መዋሸት አልችልም።»

የደብዳቤው ነገር እንዲህ ነው። ኮሌጁ አንድ የአንጎል ሞገድ መቅጃ መሣሪያ አለው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ትምህርት ቤቱ የእርሻና የከብት ሕክምና ትምህርት ብቻ ይሰጥ በነበረበት ዘመን ተገዝቶ መጣ፤ በመጣ ዕለት አንድ ጊዜ ተሞከረ፤ ከዚያ ወዲህ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ቁልፉ የቤተ ሙከራው ኃላፊ በመምህር ፋን ወገብ ላይ ተንጠለጠለ። የአገሩ ባለሙያ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ መሣሪያው ጨዋ ሆኖ እንዲታዘዝ ስሙ «ጨዋ ሁን» ማለት የሆነ አንድ አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ብስኩት በአናቱ ላይ ተቀምጦለታል፤ ጊዜው ሳያልፍበትም በየዓመቱ ይቀየራል። እንዲታዘዝ ብስኩት ቀረበለት እንጂ የሚያዘው ሰው ግን አልነበረም።

ፔይሊን የምትለምነው መሣሪያው ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በገዛ እጃቸው እርስ በርሳቸው ራስ ላይ እየገጠሙ እንዲማሩበት ነው። የኮሌጁ ዲን ደግሞ፣ «ፋን ከፈረሙ እፈርማለሁ፤ እስከ ነገ ካልፈረሙ የትምህርቱ ሰዓት ስለ አንጎል ለሚያሳይ ፊልም ይሰጣል» ብለዋል። መምህር ፋን በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። እሳቸው ሳይፈርሙ ከወጡ መሣሪያውን ዳግመኛ የሚከፍተው አይኖርም፤ ፔይሊንም የመጣችበት ትምህርት ሳይጀመር ይቀራል።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አሉ መምህር ፋን። «አንቺ እዚህ ስትማሪ መሣሪያውን በእጅሽ ነክተሽው ነበር?»

«አልነካሁትም።»

«ታዲያ ዶክተር ከመሆን ከለከለሽ?»

«አልከለከለኝም።»

«እኮ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እያየሽ ገለበጥሽ፣ ሙሉ ነጥብ አገኘሽ፣ ታይፔ ገባሽ። ያ ወረቀት ንጹህ ነው። ሁለት መቶ የልጅ እጅ ቢነካካው ከዚያ የተሻለ ምን ያወጣል?»

ፔይሊን ፊቷ ቀላ። ዝናቡ ያበረዳት መሰላቸው።

«መምህር፣ አባቴ ዓሣ አርቢ መሆኑን ያውቃሉ። የኩሬውን ውሃ በጣቱ ሳይነካ ዓሣ ያረባ ሰው አይተዋል?»

«ዓሣ ቢሞት ሌላ ዓሣ ይገኛል። መሣሪያው ቢሞትስ?»

«አሁንስ በሕይወት አለ?»

በኪዮስኩ መስኮት ፍሬ የምትቆርጠው ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። «አጎት ፋን፣ እናቴን ነው የሚመስሉት። አዲስ የሩዝ ድስት ለልጆቼ ሠርግ ብላ አስቀመጠች። እኛም ሳናገባ ቆየን፤ ድስቱም ዝጎ ተበሳ።»

«አንቺ ፍሬሽን ቁረጪ» አሏት፤ ግን ፈገግ አሉ። ወዲያው መልሰው ኮስተር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፔይሊን፣ የመሣሪያው ብቻ አይደለም። የሰው ራስ ነው። አያቶቻችን ሰው በአናቱና በሁለት ትከሻው ላይ ሦስት መብራት ይዞ ይሄዳል ይሉናል። እኔ የሰው ራስ ሳይፈቀድልኝ ነክቼ አላውቅም። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ በሰው አንጎል ሲጫወት ማየት ይከብደኛል።»

ይህን ሲሉ እያስመሰሉ አልነበረም። መምህር ፋን በየጠዋቱ በባንያን ዛፍ ሥር ያለችውን የምድር አምላክ መቅደስ ሳይሳለሙ ሥራ የማይገቡ ሰው ናቸው። ፔይሊንም ይህን ስለምታውቅ አልቀለደችም።

«እኔም ይከብደኛል» አለች። «መክበድ ያለበት ይመስለኛል። ፊልም ሲያዩ ግን ለማንም አይከብዳቸውም፤ ብስኩት እየበሉ ነው የሚያዩት። የሌላውን ሰው ራስ በእጁ የያዘ ልጅ ነው ክብደቱን የሚያውቀው። አንድ ሰዓት ይስጡኝ መምህር። ዛሬ ከሰዓት ሁለት ልጆች አመጣለሁ። የሚሰበር ነገር ካለ፣ ወይም ልጆቹ አክብሮት ካጎደሉ፣ ደብዳቤውን ፊትዎ እቀድደዋለሁ።»

«በማን ራስ ላይ?»

«እርስዎ በሚፈቅዱት።»

መምህር ፋን ፍሬዋን ከግራ ጉንጫቸው ወደ ቀኝ አዛወሯት። «እንግዲያው በእኔ። ራሴ ለመሣሪያው አዲስ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት የማን አንጎል ይመስልሻል?»

«የእርስዎ መሆኑን አውቃለሁ» አለች ፔይሊን ቀስ ብላ። ዝናቡ እያባራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። ከሱ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በመስታወት ክፈፍ የተሰቀለው ወረቀት ሁሉንም ቁልቁል ያያል። በግራው በኩል ለስላሳ መስመር፣ ከሥሩ «ዕረፍት» የሚል ጽሑፍ፤ በቀኙ በኩል እንደ እሾህ ቁጥቋጦ የጠቆረና የተጨናነቀ መስመር፣ ከሥሩ «ሐሳብ፦ አሥራ ሰባት ሲባዛ በሃያ ሦስት»። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሁሉ ይህን ገልብጧል።

ሁለቱ ተማሪዎች ሱዪንና ቦዩ ይባላሉ። ሱዪን ምላሷ የፈጠነ ልጅ ናት። ቦዩ ደግሞ የሚናገረው ሁለት ጊዜ ካሰበ በኋላ ነው። የመምህር ፋንን ራስ በሜትር ለክተው፣ ከጆሮ በላይና በማጅራት በኩል ምልክት አደረጉ። ቦዩ በጨው የተለወሰውን ቅባት በጥጥ ይዞ ከኋላቸው ቆመ።

«አጎቴ፣ ራስዎን ልንካ?»

መምህር ፋን በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካያቸው እንኳ ሳይጠይቅ ነው የሚይዛቸው። «ንካ» አሉት።

ከብር የተሠሩት፣ ሽቦ የተያያዘባቸው ትንንሽ ቁልፎች በቦታቸው ተለጠፉ፤ አንዱም በጆሯቸው ጫፍ ላይ። መሣሪያው ተነሣ። በስክሪኑ ላይ ግን እንደ ወፍራም ገመድ የሆነ ጥቁር ነገር ተጋድሞ ታየ።

«አላልኩሽም?» አሉ መምህር ፋን፣ ማዘናቸውና መደሰታቸው ሳይለይ። «ወረቀቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

«የለም» አለች ፔይሊን፤ ከቦታዋም አልተነሣችም። «ልጆች፣ ምንድን ነው?»

ሱዪን የጣሪያውን ማራገቢያ አጠፋች። ገመዱ ትንሽ ቀጠነ። ቦዩ ስልኮቹን ሰብስቦ ኮሪደር ላይ አስቀመጠ፤ ምንም አልተለወጠም። መብራቱን አጠፉ፤ ጥቂት ቀጠነ። «የግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው እየገባ ያለው» አለ ቦዩ። «በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ነው የሚመታው፤ ቆጥሬዋለሁ። በየት ነው የሚገባው ግን?» ሱዪን የጆሮውን ቁልፍ በጣቷ ነካ ስታደርገው ገመዱ ዘለለ። ቅባቱ ደርቆ ኖሯል። አጥበው እንደገና ሲያጣብቁት ገመዱ ተፈታ፤ ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ካልደፈረሰ አይጠራም ይባላል። የእነዚህ ልጆች ጓደኞች መብራት፣ ማራገቢያና የደረቀ ቅባት በሰው አንጎል መስመር ላይ እንደሚጻፉ በመጽሐፍ አንብበዋል፤ ለፈተናም ያስታውሱታል። ሱዪንና ቦዩ ግን ጠላታቸውን አሳድደው ስለያዙት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዩት ያውቁታል። መምህር ፋንም ይህን አዩ፤ ግን ገና አልተናገሩም።

«አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ አጎቴ» አለች ሱዪን።

ጨፈኑ። ልጆቹ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። የሚነግራቸው ሲያጡ፣ «ምነው? ተበላሸ?» አሉ።

«አልተበላሸም» አለች ሱዪን፤ ያ ፈጣን ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወርዶ ነበር። «ከማጅራትዎ በኩል ሞገድ ተነሣ። እኩል፣ እኩል ነው የሚሄደው። ነፋስ የሩዝ ማሳ ላይ ሲያልፍ እንደሚያደርገው።»

መምህር ፋን ለማየት ዓይናቸውን ገለጡ። በስክሪኑ ላይ ምንም የለም።

«ጠፋ» አለ ቦዩ። «ሲገልጡ ይጠፋል። ይጨፍኑ።» ጨፈኑ። «መጣ።» ገለጡ። «ሄደ።»

«እኔ ታዲያ እንዴት ላየው ነው?»

ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር፣ በጸሎትም ሆነ በእንቅልፍ ዋዜማ፣ ይህ ነገር ከራሳቸው ኋላ ሲነሣ ኖሯል፤ ሊያዩት ሲዞሩም ይሸሻቸዋል። ሌላ ሰው ብቻ ሊያይላቸው ይችላል። ጉልበቱ ደግሞ በአንዲት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ካለው በአሥር ሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው፤ አጥንቱንና ቆዳውን አልፎ እዚህ ስክሪን ላይ መድረሱ ይገርማል። ሱዪን የተቀዳውን ወደ ኋላ መልሳ አሳየቻቸው። በሴኮንድ ዘጠኝ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ማንም ያላዘዘው፣ የማይቸኩል ሞገድ። መምህር ፋን ሁለት እጃቸውን በደረታቸው ላይ አገናኝተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሽቦው ተንቀጠቀጠ። ልጆቹም ሳይታዘዙ አብረዋቸው ዝቅ አሉ።

«ሰማይ ምን ያህል ነገር ደብቆ አስቀምጦብናል» አሉ በመጨረሻ። ጥቂት ቆይተውም ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «እንግዲህ ሐሳቡን አሳዩኝ። አሥራ ሰባት ሲባዛ በሃያ ሦስት በሉኝ።»

ሱዪን አለቻቸው። መምህር ፋን አሰቡ። ሦስት መቶ ዘጠና አንድ። መስመሩ ላይ እሾህ የሚባል ነገር አልታየም።

«ይህን በቃሌ ስለማውቀው ይሆናል። ሌላ በሉኝ።»

«አሥራ ስምንት ሲባዛ በሃያ ሰባት» አለ ቦዩ።

ግንባራቸው እስኪያልበው አሰቡ። መስመሩ እንዳለ ነው። «ምናልባት አጎቴ ሐሳብዎ ጡረታ ቀድሞዎት ወጥቶ ይሆናል» አለች ሱዪን። መምህር ፋን በቁጭት፣ ከምሳ በኋላ ጉንጫቸው ውስጥ የሸጎጧትን ሌላ ፍሬ ነከሱ።

እሾሁ ፈነዳ። ከዳር እስከ ዳር ስክሪኑን ሞላው፤ ጥቁር፣ የተጨናነቀ፣ ልክ እንደ ወረቀቱ።

«መጣ፣ ሐሳቡ መጣ» አለች ሱዪን እያጨበጨበች።

ቦዩ አላጨበጨበም። ሁለት ጊዜ አሰበ። «አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን እያሰቡ ነበር?»

«ተናድጄ ነበር።»

«እስቲ ምንም ሳያስቡ ጥርስዎን ብቻ ይንከሱ።»

ነከሱ። እሾህ።

«መንጋጋዎን አላልተው አሥራ አራትን በሃያ ስድስት ያባዙ።»

አባዙ። ሦስት መቶ ስልሳ አራት። እሾህ የለም።

ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ግድግዳው አላየም። ሁሉም ላለማየት ይጠነቀቁ ነበር፤ ስለዚህም ወረቀቱ ክፍሉን ሞላው። መምህር ፋን ያን የመጀመሪያ ቀን አስታወሱ። መሣሪያውን ይዞ የመጣው ሰው፣ «አሥራ ሰባት ሲባዛ በሃያ ሦስት ስንት ነው?» አላቸው፤ ከከብት ሐኪሞቹ ፊት እንዳያፍሩ ፈርተው ጉንጫቸው ውስጥ የነበረችውን ፍሬ ነከሱ፤ መምህራኑም ሁሉ፣ «ሐሳብ ማለት ይህ ነው» ብለው ተደነቁ።

«ምናልባት» አለች ሱዪን ጫማዋን እያየች፣ «ያን ጊዜ መሣሪያው አዲስ ስለነበር…»

«ተይ ልጄ» አሉ መምህር ፋን። «እኔን ከእፍረት ለማዳን ብለሽ አትዋሺ።» ወደ ፔይሊን ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

ፔይሊን ቆመች። «አውቅ ነበር። ታይፔ በገባሁ በመጀመሪያው ወር አስተማሪያችን ሐሳብ ምን እንደሚመስል ጠየቁን። እኔ ወጥቼ ያን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሳልኩ። ኮርቼ ነበር። አስተማሪው ትንሽ አይተውት፣ ‹ሰውየው ምን እያኘከ ነበር?› አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።»

«ዘጠኝ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ? መምህሬ ነዎት። ወረቀቱን በየሳምንቱ በጨርቅ ሲወለውሉት አይቻለሁ።»

«በየዓመቱ አርባ ልጅ። በአሥራ አንድ ዓመት ከአራት መቶ በላይ ልጅ የእኔን መንጋጋ ሐሳብ ብሎ ጽፏል። አንቺም ከዚህ ክፍል ወጥተሽ ሰው ፊት ተዋርደሻል። እኔን አክብረሽ ዝም ስትዪ የሚቀጥሉትን ልጆች ለዚያው ሰጠሻቸው። አክብሮት እንዲህ ከሆነ ዋጋው ለማን ነው?»

ፔይሊን አንገቷን ደፋች። «አጥፍቻለሁ። ብነግርዎ በእኔ ቃልና በእርስዎ ቃል መካከል ይሆን ነበር፤ ከሁለታችን አንዳችን እናፍር ነበር። ልጆቹ በእጃቸው ካገኙት ግን ማንም ማንንም አላሸነፈም ብዬ አሰብኩ።»

በመምህር ፋን ፊት ላይ የነበረው ቁጣ ሌላ ነገር ሲሆን ልጆቹ በፍርሃት ያያሉ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ስክሪኑ ላይ እሾህ ተንጣጣ።

«ይኸው» አሉ በሳቅ እየታፈኑ፣ «ስስቅም ሐሳብ ነው ይላል።»

ልጆቹም ሳቁ፤ ፔይሊንም ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ሽቦው ተነሥቶላቸው፣ ቅባቱ በሞቀ ጨርቅ ሲጠረግላቸው መምህር ፋን እንዲህ አሉ፦

«አሥራ አንድ ዓመት መሣሪያውን ከልጆች እጅ የጠበቅሁ መስሎኝ ስህተቱን ከልጆች እጅ ጠበቅሁት። አንድ ሰው ደፍሮ ቢነካው ኖሮ በሁለተኛው ቀን ይታወቅ ነበር። ደብዳቤውን አምጪው።»

በደብዳቤው ላይ ከፈረሙ በኋላ ባዶ ቦታ ነበረና በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ጨመሩበት፦ «ተማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ መዝጋቢ፣ አንድ ጊዜ ተመዝጋቢ ይሁን። ራሱን ለሌላ እጅ ያልሰጠ የሌላውን ራስ በአክብሮት አይዝም። የተበላሸ ቅጂ አይጣል፤ ለምን እንደተበላሸ ከሥሩ ይጻፍበት። ንጹህ ያመጣ ሳይሆን የቆሸሸበትን ምክንያት ያገኘ ይመስገን። መምህርም ቢሳሳት ይነገረው።» ዲኑ የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙ።

መምህር ፋን በወሩ መጨረሻ ጡረታ ወጡ። ነገር ግን ከመውጣታቸው በፊት የቀድሞ ተማሪዎችን አድራሻ ከመዝገብ ቤት ለምነው ለሁሉም አጭር ደብዳቤ ላኩ። «ከግድግዳው የገለበጣችሁት የእኔ መንጋጋ ነበር» ይላል፤ «በደብተራችሁ ላይ አርሙት። እኔንም ይቅር በሉኝ።» ብዙዎቹ በሳቅ መለሱ። አንዷ ግን በኋሊየን ከተማ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆና፣ ያንኑ ሥዕል አምስት ዓመት ለሕፃናት ስታስተምር ኖራለች። «ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ» ብላ ጻፈች። «ግን ሐሳብስ ምን ይመስላል ቢሉኝ ምን ልበላቸው?»

መምህር ፋን በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ቀን ቆዩ። በመጨረሻም፣ «አላውቅም በያቸው» ብለው መለሱ። «እኔም አላውቅም። ፔይሊንም አላውቅም ትላለች፤ እሷ ደግሞ ከኔ ይልቅ በብዙ መጽሐፍ ነው የማታውቀው። ያየነው ዓይን ሲጨፈን የሚነሣውን ብቻ ነው። ልጆቹ ፀጉራቸውን ታጥበው ይምጡና አብረን እንፈልገው።»

በኅዳር ወር ከኋሊየን ሃያ ስድስት ሕፃናት በባቡር መጡ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በየወንበሩ ኋላ ቆመው እያንዳንዱን፣ «ራስህን ልንካ?» «ራስሽን ልንካ?» እያሉ ጠየቁ። መምህር ፋን በር አጠገብ፣ ለእንግዳ በተቀመጠች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። የመጀመሪያዋ ልጅ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሞገዱ ተነሣ፤ ሌሎቹ ሃያ አምስቱ በአንድ ላይ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ምን ታያላችሁ?» አለች ልጅቷ ዓይኗን እንደጨፈነች። «ንገሩኝ እንጂ።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነግሯት ጀመር።